የባዕድ ሕግ አስፈጻሚ ሆኖ ወገንን ማዳን ይቻላል? የዋርሶው ቼርኒያኮቭ ጉዳይ

አንባቢ ከጎላጎል፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሳነብ አንድ ሰው ላይ ደርሼ ማለፍ አቃተኝ። አዳም ቼርኒያኮቭ ይባላል። በዋርሶ የአይሁዶች ጌቶ (አይሁዶች ተለይተው የታጎሩበት ሰፈር) ውስጥ ጀርመኖች ያቋቋሙት የአይሁድ ምክር ቤት ሊቀመንበር ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ለማያውቀው ባጭሩ። ሰውየው የኬሚካል መሐንዲስ ነው። ከጦርነቱ በፊት የሙያ ትምህርት ቤት አስተምሯል፣ የዋርሶ ከተማ ምክር ቤት አባልም ሆኖ ሠርቷል። በሴፕቴምበር 1939 ከተማዋ በጀርመን ቦምብ እየተደበደበች ሳለ ከንቲባው የአይሁድ ማኅበረሰቡን እንዲመራ ሾመው። ብዙም ሳይቆይ ጀርመኖች ገቡና «24 ሰው ያለበት ምክር ቤት አቋቁም» አሉት። ከዚያ በኋላ ሥራው የነሱን ትእዛዝ እየተቀበለ ወገኑ ላይ ማስፈጸም ሆነ። ስንት ሰው ለጉልበት ሥራ ይውጣ፣ ማን ምን ይክፈል፣ ማን የት ይኑር። በኖቬምበር 1940 ጌቶው በግንብ ሲታጠር ከከተማው ሕዝብ 30 በመቶ የሚሆነው 2.4 በመቶ በምትሆን መሬት ላይ ታጨቀ። የግንቡን ወጪ እንኳ ያስከፈሉት እነሱኑ ነው።

ከዚያ ጁላይ 22 ቀን 1942 መጣ። ሄርማን ሆፍለ የሚባል የኤስኤስ (የናዚ ፓርቲ ጦር) መኮንን ቢሮው ገብቶ በየቀኑ 6,000 ሰው «ወደ ምሥራቅ» እንዲላክ አዘዘ። ቼርኒያኮቭ ለአንዳንዶቹ ለመነ። ወላጅ ለሌላቸው ሕፃናትም ለመነ። ስለ ሕፃናቱ መልስ አላገኘም። በማግስቱ ማታ እዚያው ቢሮው ውስጥ ሳይናይድ ወስዶ ሞተ።

ጥያቄዬ ይኸው ነው። ይህ ሰው ልክ ሠራ? አንዱ «ልጆች አሳልፌ ከምሰጥ ልሙት አለ፣ ከዚህ በላይ ምን ያድርግ» ይላል። ሌላው «አንድ ቃል ሳይተነፍስ ሞቶ ሕዝቡን ጥሎ ሄደ» ይላል። የሁለቱንም ሳነብ ሁለቱም ልክ ይመስሉኛል፣ ይሄ ደግሞ ያናድደኛል። ታሪክ የምታውቁም፣ ሃይማኖት የምታውቁም፣ ዝም ብላችሁ ሐሳብ ያላችሁም ግቡበት። ስድብ ግን ይቅር።

ቆቅ፦

ልክ አልሠራም። አልሸፋፍነውም።

ያን ቀን ጌቶው ውስጥ ጉዳዩን ከሱ በላይ ቀርቦ የሰማ ሰው የለም። ትእዛዙን ከሆፍለ አፍ ነው የሰማው። ወጥቶ «ተደበቁ፣ በእግራችሁ ወደ ባቡር ጣቢያ አትሂዱ፣ እኔ የማውቀው ይህንን ነው» ቢል ሁሉም ባይድን የሚሰማው ሰው አይጠፋም ነበር። እሱ ግን ለሚስቱ አንድ ወረቀት፣ ለምክር ቤቱ ባልደረቦች ሌላ ወረቀት ትቶ ሄደ። ለሕዝቡስ? ምንም።

ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም። በ1943ቱ የጌቶ አመፅ ከአዛዦቹ አንዱ የነበረውና ተርፎ እስከ 2009 የኖረው ማሬክ ኤደልማን ቼርኒያኮቭን የወቀሰው በዚሁ ነው። ሞቱን የግል ጉዳዩ አደረገው ነው ያለው። የጌቶውን ሕይወት በድብቅ እያሰባሰበ ሰነዱን በቆርቆሮ ሣጥንና በወተት ጋን ያስቀበረው የታሪክ ሰው ኢማኑኤል ሪንገልብሉምም ዘግይቷል፣ ደካማ ነበር ብሎ ጽፎበታል። ሁለቱም እዚያው ግንብ ውስጥ የነበሩ ናቸው፤ እንደኔ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ስልክ እየነካኩ አይደለም የፈረዱት።

ደግሞስ ሦስት ዓመት ሊሞላ ምን ቀረው፣ ትእዛዝ ሲያስፈጽም የኖረ ሰው በመጨረሻው ቀን ሕሊናው ነቃ ብለን እናጨብጭብ?

ከሃይፋ፦

ወንድሜ ቆቅ፣ ቁጣህ ይገባኛል ግን ቀስ በል።

እኔ በልጅነቴ ከጎንደር መጥቼ ያደግሁትም የተማርኩትም እስራኤል ነው። እዚህ አገር ይህ ጉዳይ ዝም ብሎ የታሪክ ጥያቄ ሆኖ አያውቅም። በሾዓ (የአይሁዶች እልቂት) መታሰቢያ ቀን ጠዋት ሳይረን ሲነፋ መኪናው ሁሉ መንገድ ላይ ይቆማል፣ ሰዉ ወርዶ ሁለት ደቂቃ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ አገሩ ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚያወራው ስለ ታጋዮቹ ነበር እንጂ የምክር ቤት ሰዎችን ብዙው ሰው በከሃዲ ዓይን ነው ያያቸው። በ1950 ናዚዎችንና ተባባሪዎቻቸውን የሚቀጣ ሕግ ወጥቶ ከካምፕ የተረፉ አይሁዶች ራሳቸው ፍርድ ቤት ቀርበዋል። ሩዶልፍ ካስትነርን ታውቁታላችሁ? ሃንጋሪ ውስጥ ከናዚው ሹም ከአይኽማን ጋር ተደራድሮ 1,684 ሰው በአንድ ባቡር አስወጣ። ለነዚያ ሰዎች ሕይወት ሰጥቷቸዋል። የቀሩትን ግን ስለ ሞት ካምፑ ስለ አውሽቪትዝ አላስጠነቀቀም ተባለ፣ በ1955 አንድ ዳኛ ነፍሱን ለሰይጣን ሸጠ ብሎ ፈረደበት፣ በ1957 ቴል አቪቭ ቤቱ ደጃፍ ላይ በጥይት ተመትቶ ሞተ። በ1958 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፍርዱን በአብዛኛው ሻረለት። ከሞተ በኋላ!

ይህን የማነሳው ለመፍረድ መቸኮል ምን ያህል ዋጋ እንዳስከፈለ እዚህ ስላየነው ነው።

አሁን ቼርኒያኮቭን ከሎድዙ ሰው ጋር አስተያዩት። ሎድዝ ሌላዋ ትልቅ የፖላንድ ጌቶ ነበረች። እዚያ የተሾመው ቻይም ሩምኮቭስኪ ይባላል። ከጦርነቱ በፊት የወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያ ይመራ የነበረ ሰው ነው፣ አስቡት። የሱ ስሌት «ከሠራን አይገድሉንም» የሚል ነበር። ጌቶውን ሙሉ ለሙሉ ለጀርመን ጦር ልብስና ጫማ የሚያመርት ፋብሪካ አደረገው። በሴፕቴምበር 1942 ጀርመኖች ሕፃናትን፣ ሽማግሌዎችንና በሽተኞችን አምጣ አሉት። ቼርኒያኮቭ ከስድስት ሳምንት በፊት የሞተበት ጥያቄ ማለት ነው። ሩምኮቭስኪ ግን አልሞተም። ሴፕቴምበር 4 ቀን ሕዝቡን አደባባይ ሰብስቦ እናቶችንና አባቶችን ልጆቻችሁን ስጡኝ ብሎ ለመነ። ከአሥር ዓመት በታች ያሉትን። የተጠየቅሁት 24,000 ነበር፣ ተደራድሬ ወደ 20,000 አወረድኩት ብሎ ነገራቸው። የታመመውን እጅ ቆርጦ ሰውነቱን ማዳን ነው አለ።

በሳምንት ውስጥ ከ15,000 በላይ ሰው ወደ ኼልምኖ ተወስዶ በጋዝ ተገደለ።

ቆቅ፣ «ወጥቶ ለሕዝቡ ይናገር» ያልከው ሆነ እኮ። ሩምኮቭስኪ ወጥቶ ተናገረ።

ቆቅ፦

ያምሻል ወይ እህቴ 😄 እኔ ይናገር ያልኩት «አትሂዱ» ብሎ ነው እንጂ «ስጡኝ» ብሎ ነው እንዴ?

ከሃይፋ፦

ገብቶኛል 😄 ግን የሩምኮቭስኪን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር መዝጋት አይቻልም፣ ለዚህ ነው ያመጣሁት። ሎድዝ በፖላንድ ካሉት ትልልቅ ጌቶዎች ሁሉ መጨረሻ የፈረሰችው እሷ ናት። የዋርሶው ጌቶ በ1943 አመድ ሲሆን ሎድዝ ውስጥ እስከ ኦገስት 1944 ወደ 70,000 ሰው በሕይወት ነበር። የሶቪየት ጦር በዚያው ሰሞን ቪስቱላ ወንዝ ላይ ደርሶ ቆመ። ከሎድዝ 130 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ጥቂት ሳምንት ገፍቶ ቢመጣ ኖሮ 70,000 ሰው ያተረፈ ሰው እንለው ነበር ይሆናል፣ ይህን ሳስበው ያስጠላኛል፣ ግን እውነት ነው። ጦሩ አልገፋም። ከጥቂቶች በቀር ሁሉም ወደ አውሽቪትዝ ተጫኑ፣ እሱም ከነቤተሰቡ አብሮ ሄዶ እዚያው ሞተ።

አንባቢ ከጎላጎል፦

ተባረኩ፣ ይህንን ነው የፈለግሁት። አንድ ነገር ግን ላጥራ። ቼርኒያኮቭ ባቡሩ ወደ ሞት እንደሚሄድ ያውቅ ነበር? ቆቅ እንደሚያውቅ አድርጎ ነው የጻፈው። ካላወቀ ወቀሳው ሌላ ነው፣ ካወቀ ሌላ።

ጡረተኛው መምህር፦

ልጆች፣ ጥሩ ይዛችኋል። ይህንን ጥያቄ ለመመለስ የሰውየውን ማስታወሻ ማየት ነው። ቼርኒያኮቭ ከሴፕቴምበር 1939 ጀምሮ እስከ ሞተበት ቀን ድረስ በየዕለቱ አጫጭር ማስታወሻ ይጽፍ ነበር። አንዱ ደብተር ጠፍቷል፣ የቀረው ተርፏል። ሚስቱም ተርፋለች።

መጀመሪያ ከምን ዓይነት ሕግ ጋር እንደኖረ ላሳያችሁ። በኖቬምበር 1939፣ ጌቶ ገና ሳይኖር፣ ናሌቭኪ መንገድ ቁጥር 9 ላይ አንድ የፖላንድ ፖሊስ ተገደለ። ገዳዩ አንድ ወንጀለኛ ነው። ጀርመኖች የግቢውን ወንዶች 53 ሰው ለቅመው ወሰዱና ከምክር ቤቱ 300,000 ዝሎቲ ጠየቁ። ቼርኒያኮቭ ከዚያም ከዚህም ለቃቅሞ ከፈለ። ሰዎቹ ተረሽነው እንደነበር የሰማው ከዚያ በኋላ ነው። እንግዲህ ይህ በሥራው መጀመሪያ ሁለት ወር ውስጥ ነው። በ1940 ራሱንም አሥረው ደብድበውታል። በማግስቱ ተመልሶ ከነዚያው ሰዎች ጋር ስለ ዳቦና ስለ ድንች መደራደር አለበት።

በኦክቶበር 1941 ያለ ፈቃድ ከጌቶ የወጣ አይሁድ በሞት ይቀጣል የሚል አዋጅ ወጣ። ሰው የሚወጣው ለምንድን ነው? ለምግብ። የተፈቀደላቸው ራሽን በቀን 200 ካሎሪ እንኳ አይሞላም ነበር። በግንቡ ቀዳዳ ሾልከው ድንች የሚያስገቡት ሕፃናት ነበሩ። በኖቬምበር ስምንት ሰው በዚህ ሕግ ተረሸነ፣ ከስምንቱ አብዛኞቹ ሴቶች። ቼርኒያኮቭ ከመረሸናቸው በፊት ሲመላለስ ነበር፣ አልሰሙትም። ሌላ ጊዜ ደግሞ የበግ ቆዳ ካፖርት በብዛት አስረክቦ እስረኞች አስፈትቷል። እናም አያችሁ፣ ምልጃው ሁልጊዜ አይከሽፍም። አልፎ አልፎ ይሠራል። ሰውየውን ወንበሩ ላይ ያቆየውም ይኸው አልፎ አልፎ የሚሠራው ነገር ነው። ብዙዎቹ የማኅበረሰቡ መሪዎች ከጦርነቱ መጀመሪያ አንስቶ ከዋርሶ ሲወጡ እሱ ቀረ፣ የሄዱትንም በማስታወሻው በምሬት ያነሳቸዋል።

አሁን ወደ ጁላይ 1942። ወሬው ከተማውን አምሶታል፣ ሊያፈናቅሉን ነው ይባላል። ጁላይ 20 ቼርኒያኮቭ ከአንዱ የጌስታፖ (የናዚ ምስጢራዊ ፖሊስ) ቢሮ ወደ ሌላው እየዞረ ጠየቀ። አንዱ አላውቅም አለው፣ ሌላው ፈጽሞ ውሸት ነው አለው። እሱም በፖሊስ ጣቢያዎቹ በኩል ሕዝቡ እንዳይሸበር አስነገረ። በ22 ሆፍለ መጣ። ትእዛዙን ሰጥቶ ሲያበቃ ነገሩ ከተሰናከለ ሚስትህ የመጀመሪያዋ ተረሻኝ ናት አለው፣ ይህንንም ራሱ ጽፎታል። የመፈናቀሉ ማስታወቂያ በምክር ቤቱ ስም ተለጠፈ እንጂ የሱ ስም የለበትም። በ23 ደግሞ የጻፈው ሲነበብ የቢሮ ቃለ ጉባኤ ነው የሚመስለው፦ የሙያ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ይቀራሉ ተብሏል፣ ሥራ ያላቸው ሴቶች ባሎች ይቀራሉ ተብሏል፣ ስለ ወላጅ አልባዎቹ ሆፍለን ጠይቅ ተብያለሁ። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ 4,000 ሰው ተዘጋጅቷል፣ እስከ 10 ሰዓት 9,000 መሙላት አለበት። የመጨረሻው ጽሑፉ ይህ ነው።

ስለዚህ ያውቅ ነበር ወይ ላልከኝ፣ ትሬብሊንካ የሚለው የሞት ካምፑ ስም በዚያ ጽሑፍ ላይ የለም። ግን ከመላው ጌቶ ሕፃናትንና አዛውንትን ለጉልበት ሥራ እንደማይፈልጓቸው ለመረዳት የተማረ ሰው መሆን አያስፈልግም። የገባው ይመስለኛል። ለሚስቱ በተወው ወረቀት ላይም የወገኔን ልጆች በገዛ እጄ እንድገድል እየጠየቁኝ ነው የሚል መንፈስ ያለው ቃል ነው ያለው።

እኔን ግን ከመሞቱ ይልቅ የሚገርመኝ ያ የ23 ዝርዝር ነው። ልብ በሉ፣ ሰውየው ቀኑን ሙሉ ምሕረት ነው የለመነው። ተማሪዎቹ ይቅሩ፣ ባሎቹ ይቅሩ። እነሱም እሺ ይላሉ! እሺ ማለት ምንም አያስወጣቸውም። እነዚህ ይቅሩ ብሎ ስም ሲያስገባ ያልተጠቀሱት ይሂዱ ማለቱ ይሆናል፣ የሚለምነውም ሰው ሳይወድ መራጭ ይሆናል። በኋላ ደግሞ የቀሩትም ተወሰዱ። የናዚ ሕግ የመሪውን ርኅራኄ አላጠፋውም፣ ሥራ ሰጠው። ጨካኝ ሰው ወንበሩ ላይ ቢቀመጥ ሕዝቡ ቶሎ ይነቃ ነበር፤ ደግ ሰው ሲቀመጥ ግን ሰዉ «እሱ አንድ ነገር ያደርግልናል» ብሎ ይጠብቃል።

ቆቅ፦

ጋሼ፣ እርስዎ ከኔ የባሰ ነው የፈረዱበት 😄

ቀልዱ ይቆየንና ጁላይ 20ን ስላነሱልኝ አመሰግናለሁ። እኔ ሕዝቡን አላናገረም ብዬ ነበር። ለካ አናግሯል፣ ያውም አትሸበሩ ብሎ። ይሄ አይብስም?

ጡረተኛው መምህር፦

ይብሳል። ግን የተነገረውን ነው የተናገረው። ውሸታሞቹ ሌሎች ናቸው።

ዲያቆን ዘበአታ፦

እግዚአብሔር ይስጥልን መምህር። እኔ ከመጽሐፍ በኩል ልግባ። ይህ ጥያቄ በሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 20 ላይ አለ። የቢክሪ ልጅ ሳቤዔ በዳዊት ላይ አምፆ አቤል ቤትመዓካ በምትባል ከተማ ገባ። ኢዮአብ ከተማዋን ከበባት። አንዲት ብልህ ሴት ከቅጥሩ ላይ ሆና አነጋገረችው፣ እሱም ያንን ሰው ብቻ ስጡኝና እሄዳለሁ አላት። ሕዝቡን አማክራ የሳቤዔን ራስ ወርውረው ከተማዋ ተረፈች። በሌላ በኩል ደግሞ በዮሐንስ ወንጌል ቀያፋ ሕዝቡ ሁሉ ከሚጠፋ አንድ ሰው ቢሞት ይሻላል ያለው አለ፣ ያንን ደግሞ ማንም ክርስቲያን በበጎ አያነበውም። እንግዲህ አንዱ ስሌት በአንዱ ቦታ ጥበብ ነው፣ በሌላው ቦታ የንጹሕ ደም ነው። ልዩነቱ ሳቤዔ በስሙ የተጠራ፣ በደሉ የታወቀ ሰው መሆኑ ይመስለኛል። ሕፃናቱ ምን በደሉ?

በነገራችን ላይ በእኛ ቤተ ክርስቲያን ጲላጦስ ሰኔ 25 እንደሚታሰብ የማታውቁ ካላችሁ ስንክሳሩን እዩ። እጁን የታጠበ ዳኛ እንኳ በእኛ ዘንድ ነገሩ እንዲህ በቀላሉ አልተዘጋም።

ከሃይፋ፦

ዲያቆን፣ ራቢዎቹም በቀጥታ በዚሁ በሳቤዔ ታሪክ ላይ ነው የተከራከሩት! ራምባም፣ ማለት ማይሞኒደስ፣ የጻፈው ሕግ አለ፦ ጠላት «ከመካከላችሁ አንድ ሰው ስጡንና እንግደለው፣ አለበለዚያ ሁላችሁንም እንገድላለን» ቢል ሁሉም ይሙት እንጂ አንዲት ነፍስ አሳልፈህ አትስጥ። በስሙ ለይተው እንደ ሳቤዔ ሞት የሚገባውን ሰው ከጠየቁ ሌላ ነው።

ታዲያ በጦርነቱ ጊዜ ይህ ሕግ ሁለት ከተማ ላይ ሁለት ዓይነት መልስ አገኘ። ሊቱዌኒያ ባለችው ቪልና ውስጥ ያዕቆብ ጌንስ የሚባል የጌቶ ፖሊስ አዛዥ ነበር። ራቢዎቹ ሄደው ይህንኑ ሕግ ጠቅሰው ሰው ለይተህ አሳልፈህ መስጠት አትችልም አሉት። አልተቀበለም። በኦክቶበር 1942 ኦሽሚያኒ በምትባል ትንሽ ከተማ ጀርመኖች 1,500 ሰው ሲጠይቁ የሱ ፖሊሶች ሄደው 406 ሽማግሌዎችና በሽተኞች አስረከቡ። ተመልሶ ስብሰባ ላይ አልደበቀውም፣ መቶ እየሰጠሁ ሺህ አተርፋለሁ ነው ክርክሩ። የሚገርመው ይሄ ሰው ሚስቱ ሊቱዌኒያዊት ክርስቲያን ነበረች፣ መውጣት ይችል ነበር ይባላል፣ አልወጣም። በሴፕቴምበር 1943 ጌስታፖ ጠርቶ ረሸነው። ጌቶውም በዚያው ወር ፈረሰ።

ሌላዋ የሊቱዌኒያ ከተማ ኮቭኖ ደግሞ ሌላ ነው። እዚያ መሪው ኤልካናን ኤልኬስ የሚባል ሐኪም ነበር፣ ሰዉ ሰብሰብ ብሎ ለምኖ ነው የመረጠው። በኦክቶበር 1941 ጀርመኖች ሕዝቡ በሙሉ አደባባይ ይውጣ ብለህ አስታውቅ ሲሉት ምክር ቤቱ ሌሊት ወደ ሽማግሌው ራቢ አብርሃም ሻፒሮ ሄደ። ራቢው ታመው ነበር። መጽሐፍ ሲያገላብጡ ቆይተው በመጨረሻ የሰጡት ብያኔ፣ ማኅበረሰብ ሁሉ ሊጠፋ ሲል ከፊሉን ማዳን የሚቻል ከሆነ መሪዎቹ ልባቸውን አጽንተው ማዳን የሚቻለውን ያድኑ የሚል ነው። ማስታወቂያው ወጣ። ኦክቶበር 28 ከአደባባዩ ላይ ወደ 9,200 ሰው ተለይቶ በማግስቱ ዘጠነኛው ምሽግ በሚባለው ቦታ ተረሸነ። ኤልኬስ አደባባዩ ላይ ቆሞ ከሚለየው ኤስኤስ ፊት ሰው ወደ ደህናው ወገን ለማሻገር ሲለምን ዋለ።

ልብ በሉ፣ ኮቭኖ ውስጥ ኤልኬስን እንደ ከሃዲ የሚያነሳው ሰው ብዙም አታገኙም። ማስታወቂያ ግን እሱም አስለጥፏል። ታዲያ ልዩነቱ የት ላይ ነው? የኔ ሐሳብ፣ ኤልኬስ ከጀርመኖቹ ጋር እየተነጋገረ ከሥር ደግሞ ለታጋዮቹ ሽፋን ይሰጥ ነበር። ወደ ጫካ የሚወጡትን ወጣቶች ምክር ቤቱ ያውቃል፣ ይረዳል።

የሸዋ ልጅ፦

ይሄማ የውስጥ አርበኛ በሉት እንጂ! በጣሊያን ጊዜ ከሹሙ ጋር ምሳ በልቶ ማታ ጥይትና ወሬ ለዱር ቤቴ የሚልክ አልነበረም እንዴ። ቼርኒያኮቭ እንደዛ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ክርክር አይኖርም ነበር።

ጡረተኛው መምህር፦

የሸዋ ልጅ፣ ምሳሌህ ለሚንስክ ይበልጥ ይስማማል። እዚያ የምክር ቤቱ ሊቀመንበር ኢሊያ ሙሽኪን ለፓርቲዛኖቹ (ለደፈጣ ተዋጊዎቹ) ልብስ፣ መድኃኒትና ሰው ያሾልክ ነበር፣ ጀርመኖች ደርሰውበት በ1942 ገደሉት። ሉቮቭ ላይ ደግሞ ዮሴፍ ፓርናስ ገና በ1941 ለጉልበት ሥራ ሰው አላቀርብም ብሎ ተረሸነ። ሚንስክ ግን ዙሪያው ጫካ ነው፣ ፓርቲዛን አለ፣ ሰው የሚሄድበት ቦታ አለ። ዋርሶ መሀል ከተማ ነው፣ ከግንቡ ማዶ ገንዘብ ቀማኛ የሚጠብቅህ፣ አይሁድ ያስጠለለ ፖላንዳዊም በሞት የሚቀጣበት። በጁላይ 1942 ደግሞ ጌቶው ውስጥ ሽጉጥ ራሱ ብርቅ ነበር። ሽፋን ይስጥ ብትለኝ ለማን ነው የሚሰጠው? የአይሁድ ታጋዮች ድርጅት የተመሠረተው እሱ ከሞተ ከአምስት ቀን በኋላ፣ ጁላይ 28 ነው።

ለዚህ ነው «ምክር ቤቶቹ ባይተባበሩ ኖሮ የሞቱት ቁጥር በጣም ያንስ ነበር» የሚለው የፈላስፋዋ የሃና አረንት የ1963 ክርክር ሙሉ በሙሉ የማይዋጥልኝ። በሶቪየት ግዛቶች ብዙ ቦታ ምክር ቤት ሥራ ሳይጀምር ነው ጀርመኖቹ ሰዉን ጉድጓድ አፋፍ ላይ ያረገፉት። ግን ለዋርሶ አንድ እውነት አላት። ከጁላይ 22 እስከ ሴፕቴምበር 21 ወደ 265,000 ሰው ወደ ትሬብሊንካ ሲጫን በመጀመሪያው ሳምንት ከየቤቱ ሲያወጣ የነበረው በዋናነት የአይሁድ ፖሊስ ነው። ያንን ፖሊስ ያቋቋመው የቼርኒያኮቭ ምክር ቤት ነው። ቆቅ ልትወቅሰው ከፈለግህ በሞቱ ሳይሆን በዚህ ያዘው፣ ይበልጥ ይጠነክርልሃል።

ቆቅ፦

እሺ ጋሼ፣ በሱ እይዘዋለሁ።

ሩምኮቭስኪንና እሱን አጠገብ ለአጠገብ አቁማችሁ ምረጥ ብትሉኝ አንድ ሰከንድ አላስብም፣ ቼርኒያኮቭን ነው። ግን «ሞተ፣ ነፃ ወጣ» የሚለውን አልቀበልም። በማግስቱ ምክትሉ ሊኽተንባውም ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ ባቡሩ በሰዓቱ ሄደ። በጌቶው የወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያ ይመራ የነበረው ያኑሽ ኮርቻክ ደግሞ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ወደ 200 የሚሆኑ ልጆቹን ይዞ አብሯቸው ሄደ። እሱም አላዳናቸውም። ልጆቹ ግን ብቻቸውን አልሄዱም። ቼርኒያኮቭ የሞተላቸው ልጆች በዚያ ሰዓት ማንን ያዩ ነበር?

ከሃይፋ፦

ኮርቻክ ግን ባለሥልጣን አልነበረም ቆቅ። ማንም ቁጥር አምጣ አላለውም። ከልጆቹ ጋር የመሄድ ነፃነት ነበረው፣ እንዲህ ይባላል ከተባለ። ቼርኒያኮቭ አብሮ ልሂድ ቢል እንኳ መጀመሪያ 9,000ውን አሟላ ነው የሚሉት።

አንባቢ ከጎላጎል፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ መምህር፣ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ያ ሊኽተንባውም ምን ሆነ? እሱም እስከ መጨረሻው ቁጥር ሲያሟላ ኖረ?

ጡረተኛው መምህር፦

እስከ ሴፕቴምበር አዎ። ከዚያ በኋላ የቀረው ሕዝብ ከ50,000 እስከ 60,000 ቢሆን ነው፣ ብዙው ወጣት፣ ቤተሰቡን ያጣ፣ የሚያጣው ያለቀበት። በጃንዋሪ 1943 ጀርመኖች ሲመለሱ ታጋዮቹ ተኮሱባቸው። ከዚያ ወዲህ ምክር ቤቱን የሚሰማው አልነበረም። ጀርመኖች ሰዉን ወደ ካምፕ ፋብሪካዎች እንዲያግባባላቸው ሊኽተንባውምን ሲጠይቁት፣ እዚህ የማዝዘው እኔ አይደለሁም፣ ሌላ አዛዥ አለ አላቸው ተብሎ ተመዝግቧል። አመፁ ኤፕሪል 19 ተጀመረ። እሱንም በዚያው ወር ረሸኑት።

ስለ ፖሊሱ አዛዦች ደግሞ ሌላ ክር ክፈትና እዚያ እንነጋገር። ያ ራሱን የቻለ ጉድ ነው።